አንድ ፓስወርድ ለሁላችን

ሥራዬ ሶዶ ከተማ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ በየገጠር ቀበሌው የተተከሉ የውሃ ፓምፖችን በኢንተርኔት መከታተል ነው። ፓምፖቹ የሚሠሩት በፀሐይ ኃይል ነው። እያንዳንዱ ፓምፕ ቤት ግድግዳ ላይ ግራጫ ሳጥን ተሰቅሏል፤ ሳጥኑ ውስጥ ልክ እንደ ስልክ ሲም ካርድ አለ። ጉድጓዱ ውስጥ ስንት ሜትር ውሃ እንደቀረ፣ ታንከሩ እንደሞላ፣ ሞተሩ እንደጋለ ሳጥኑ በዚያ ሲም ካርድ በኩል ይነግረኛል። እኔም ከወንበሬ ሳልነሳ ቦምቤ አካባቢ ያለውን ፓምፕ ማስነሳት፣ ማቆም እችላለሁ።

እኔ የምችለውን ግን ፓስወርዱን ያገኘ ሁሉ ይችላል። ስለዚህ የሥራዬ ግማሽ በሩን መክፈት ከሆነ፣ ሌላው ግማሽ ማን እንደገባ ማወቅ ነው። የምጽፈው ስለዚህ ሁለተኛው ግማሽ ነው። ሳልሠራው ቆይቼ አንድ ሰው ዋጋውን ከፈለበት።

ሳጥኖቹን የተከሉት ከአዲስ አበባ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ጎበዞች ነበሩ፤ ግን ይቸኩሉ ነበር። ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀቱ ላይ አንድ የመግቢያ ስምና አንድ ፓስወርድ ተጽፏል፤ ለሁሉም ሳጥን ያው ነው። የመግቢያ ስሙ «ኦፕሬተር» ይላል። እኔ ስገባ ኦፕሬተር ነኝ፤ የአዲስ አበባዎቹ ሲገቡም ኦፕሬተር ናቸው። እዚያው ፓምፕ ቤት የቆመው ሰው ቁልፉን በጣቱ ሲጫንም ሳጥኑ የሚመዘግበው «ኦፕሬተር» ብሎ ነው።

ይህ እንደማያዋጣ ገና በመጀመሪያው ወር ገብቶኝ ነበር። ለአለቃዬ ደብዳቤ ጻፍኩ። ለእያንዳንዱ ሳጥን የራሱ ፓስወርድ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ መግቢያ ስም ይኑረው፤ ግንኙነቱም በቪፒኤን በኩል ብቻ ይሁን አልኩ። ጠርቶ አነጋገረኝ።

«ቪፒኤን?» አለና ሳቀ። «ፌስቡክ ሲዘጋ የምንጭነው ማለት ነው? እሱን የመንግሥት ሥራ ላይ ልታስገቢብኝ ነው?»

«ነገሩ ያው ነው፤ ለሌላ ዓላማም ይውላል» አልኩ። «በመንገድ ላይ የሚያልፈውን ነገር ሌላ ሰው እንዳያየው ይሸፍነዋል። ማን እንደገባም ለይቶ ያሳያል።»

«ለመሆኑ የወላይታን ውሃ ማን ይሰርቃል?» አለኝ። «ፓምፖቹ እየሠሩ ነው። የሚሠራ ነገር አይነካም።»

ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ገባ፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም።

አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም። አባቴ የታመመ ጊዜ፣ ማንም ሳይጠይቀው የቢሮውን መኪና ሰጥቶ ሆስፒታል ያደረሰልኝ እሱ ነው። በሥራ ቦታ ጮኾ አያውቅም። ሰው ፊት መዋረድን ግን እንደ ሞት ይፈራ ነበር። በኋላ የሆነው ሁሉ የመጣው ከዚህ ፍርሃቱ ይመስለኛል።

በቦምቤ አቅራቢያ ያለውን ፓምፕ የሚጠብቁት ሰው ስድሳን የተጠጉ ነበሩ። የመረጣቸው የቀበሌው የውሃ ኮሚቴ ነው። ማንበብና መጻፍ ይችላሉ፤ የቤተ ክርስቲያኑንም ቁልፍ የሚይዙት እሳቸው ስለነበሩ ሕዝቡ ያምናቸዋል። ፎቶአቸው ያለበት፣ «ኦፕሬተር» የሚል ባጅ ተሠርቶላቸው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል፤ ገበያ ሲሄዱም አያወልቁትም። እኔ በወላይትኛ «አዋ» እላቸው ነበር፤ አባት ማለት ነው። እሳቸውም «ልጄ» ይሉኛል።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ባለቤታቸው የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ አቀረቡልን። እየበላን ሳጥኑ ምን እንደሚያደርግ አስረዳኋቸው። ጨርሼ ዝም ስል እንዲህ አሉኝ።

«አንቺ ሶዶ ሆነሽ ስታጠፊው እኔ በምን አውቃለሁ?»

«ማሳያው ላይ ይወጣል፣ አዋ።»

«እሱን አየሁት። ግን ጀሪካን ይዞ የተሰለፈው ሰው ማሳያ አያነብም። ውሃው ሲቆም የሚያየው እኔን ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ወዲያ የእሳቸውን ፓምፕ ከመንካቴ በፊት ሁልጊዜ እደውልላቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ በሃምሳ ሉክ ደብተር፣ በየቀኑ፣ ፓምፑን ስንት ሰዓት እንዳስነሱና እንዳጠፉ፣ ለምን እንዳጠፉም ጭምር ይጽፋሉ። «ሳጥኑ እየመዘገበልን ነው እኮ፤ ለምን ይደክማሉ?» አልኳቸው አንድ ቀን። «ሳጥኑ ላንቺ ይመዝግብ» አሉኝ።

በዚያ በጋ ጉድጓዱ በጣም ወርዶ ነበር። እንዲህ ሲሆን ሳጥኑ ፓምፑን ራሱ ያቆመዋል፤ ሞተሩ ያለ ውሃ ከሠራ ይቃጠላልና። እሳቸውም ጠዋት ትንሽ ይስቡና ውሃው ሲያንስ ያጠፋሉ። ሕዝቡ ቢያጉረመርምም ታንከሩ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

በየካቲት ለፕሮጀክቱ ገንዘብ የሚሰጡ እንግዶች መጡ። መንገዱ ሩቅ ነው ተብሎ ገጠር አልወረዱም፤ ሶዶ ሆቴል ውስጥ ገለጻ ሊደረግላቸው ተወሰነ። በዋዜማው አለቃዬ ስልኩን ይዞ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። ከውጭ የመጣለት አዲስ ስልክ ነበር፤ እንዲህ ያለ በቢሮው ሌላ ሰው አልነበረውም።

«ያን የፓምፕ ገጽ እዚህ ላይ ክፈቺልኝ። ነገ ለእንግዶቹ አሳያለሁ።»

«ጋሼ፣ ገጹ ማሳየት ብቻ አይደለም። ማስነሻና ማጥፊያም አለበት» አልኩት።

«ልጅ አይደለሁም» አለኝ።

ፓስወርዱን አስገብቼ መለስኩለት። ማየት ብቻ የሚያስችል መግቢያ ቢኖር ኖሮ እሱን እሰጠው ነበር። አልነበረም። የይሉኝታ ነገር ሆኖብኝ እንጂ «እኔ ራሴ መጥቼ ላሳይልዎ» ማለት እችል ነበር።

በማግሥቱ ቢሮ ዋልኩ። በማግሥቱ ማግሥት ጠዋት አዋ ደወሉ።

«ልጄ፣ ሳጥኑ ቀይ አበራ። ፓምፑ አልነሳም አለ።»

«ትናንት ስንት ሰዓት ላይ ነው ያጠፉት?»

«ስድስት ሰዓት ላይ። ውሃው ወርዶ ነበር። ከዚያ ለቅሶ ሄድኩ፤ ሲመሽ ነው የተመለስኩት።»

መካኒኩ ወርዶ ፓምፑን ከጉድጓዱ አወጣው። ሞተሩ ተቃጥሏል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ ቀበሌ ሴቶች ፓምፑ ከመተከሉ በፊት ይቀዱበት ወደነበረው ወንዝ ተመለሱ። በእግር ደርሶ መልስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ውሃውም ከብት የሚጠጣው ነው።

የውሃ ኮሚቴው ጉዳዩን ለማየት ለጠራው ስብሰባ ዘገባውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ሳጥኑ የመዘገበውን አትሜ ወሰድኩ። እንዲህ ይላል፦ በዕለቱ ስድስት ሰዓት ላይ ኦፕሬተር ፓምፑን አቆመ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኦፕሬተር የውሃ ማነስ መከላከያውን አጠፋ፤ ኦፕሬተር ፓምፑን አስነሳ። ከዚያ በኋላ ያለው የሞተሩ ሙቀት ነው፤ ቁጥሩ እየወጣ፣ እየወጣ ሄዶ ያቆማል።

ከሳጥኑ ሌላ መዝገብ እንዳለ አውቅ ነበር። ግንኙነቶቹ ሁሉ የሚያልፉበት ሰርቨር፣ ማን ከየት እንደገባ፣ በኮምፒውተር ይሁን በስልክ፣ የስልኩን ዓይነት ሳይቀር ይይዛል። ከስብሰባው በፊት አምስት ቀን ነበረኝ። ለማየት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አላየሁትም። ሥራ በዝቶብኝ ነበር እያልኩ ለራሴ ስነግር ኖሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር ምን እንደማገኝ ሳልጠረጥር አልቀረሁም።

ስብሰባው ቦምቤ ነበር። ቃለ ጉባኤው በአማርኛ ስለሚያዝ ንግግሩም በአማርኛ ሆነ፤ እዚያ ከተቀመጥነው አብዛኞቻችን እናታችን ቤት የምንናገረው ወላይትኛ ሆኖ ሳለ። አለቃዬ ወረቀቱን አነበበ። «ኦፕሬተር» በሚለው ቃል ላይ በደረሰ ቁጥር የሰው ሁሉ ዓይን አዋ አንገት ላይ ወዳለው ባጅ ይሄዳል።

አዋ ተነሡ። በወላይትኛ ሲናገሩ ሰው ጭጭ ብሎ የሚያዳምጣቸው ሰው፣ በአማርኛ ቃል ጠፋባቸው።

«እኔ አላስነሳም። ፓምፑ ስድስት ሰዓት አጠፋኋት። እኔ ለቅሶ ነበር። ደብተሩ አለች፣ እዩ።»

ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ወጣት ጸሐፊዎች «ደብተሩ አለች» በሚለው ፈገግ ሲሉ አየሁ። አለቃዬ ደብተሩን ገለጥ አድርጎ አየና መልሶ ዘጋው።

«አባባ፣ ደብተር ላይ ሰው የፈለገውን ይጽፋል» አለ በትሕትና። «ማሽን ግን ዘመድ የለውም።»

እጄን አነሳሁ። «ይህ የመግቢያ ስም...» ብዬ ጀመርኩ።

«የቴክኒኩን ነገር ቢሮ እንነጋገርበታለን» አለ አለቃዬ፤ ወደ እኔ አላየም። እኔም እጄን አወረድኩ። አፌን የያዘኝ ሰው አልነበረም። ቀጥዬ ብናገር ከአዳራሹ የሚያስወጣኝ አልነበረም። ግን አወረድኩ።

ኮሚቴው አዋን ከሥራ አሰናበተ። ጸሐፊው የፓምፕ ቤቱን ቁልፍና ባጁን ጠየቃቸው። ባጁ ከአንገታቸው ሲወጣ ገመዱ ጆሯቸው ላይ ተያዘ፤ አጠገባቸው የነበረው ሰው አላቀቀላቸው። ደብተራቸውን አንስተው ወጡ። ሲያልፉ አዩኝ።

በማግሥቱ ሰርቨሩን ከፈትኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የገባው ሰው ከሶዶ፣ ከሆቴሉ ዋይፋይ ነው የገባው። የስልኩ ዓይነትም ተጽፏል፤ ያው አዲሱ ስልክ ነው።

አትሜ አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። አነበበው። ከዚያ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ሌላ ማን አይቷል?»

«ማንም።»

«በሩን ዝጊው።»

ዘጋሁት። የሆነውን ነገረኝ፤ እንግዶቹ ፊት «አስነሳ» የሚለውን ሲጫን ፓምፑ እምቢ አለው። መከላከያው እንደያዘው የሚገልጽ ጽሑፍ መጣ፤ «ይጥፋ?» ብሎ ጠየቀው። «ሰዎቹ ከኋላዬ ቆመው እያዩኝ ነበር» አለኝ። «አዎ የሚለውን ተጫንኩ። ተነሣ፤ አጨበጨቡ። ከዚያ መክሰስ ቀረበ።» ማቆሙን ረሳው።

«ታዲያ ስብሰባው ላይ ያውቁ ነበር?» አልኩት።

«እኔ የተጫንኩት ነገር ፓምፑን ያቃጥል አያቃጥል በምን ላውቅ?» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «አሁን ይህ ቢወጣ ሰዎቹ ፕሮጀክቱን ይዘጉታል። ስንት ቀበሌ ውሃ እንደሚያጣ አስቢ። በዚያ በኩል የተጎዳው አንድ ሰው ነው። ደግሞስ ፓስወርዱን ስልኬ ላይ ያስገባው ማን ነው?»

ወረቀቱን ከጠረጴዛው አነሳሁና ወጣሁ። የዚያን ዕለት ለአዋ ልደውል ስልኬን ሁለት ጊዜ አውጥቼ መለስኩት። ከዚያም አንድ ሳምንት ሆነ፤ ወር ሆነ፤ በልጉ ገብቶ ወጣ። በየቀኑ ቢሮ ገብቼ ሌሎቹን ፓምፖች በዚያው ፓስወርድ አስነሳለሁ፣ አቆማለሁ። በጓዳ የበደሉትን ሰው በአደባባይ ለመካስ ጉልበት ያስፈልጋል፤ እኔ ያንን ጉልበት አላገኘሁም። ደመወዜን ግን በየወሩ እቀበል ነበር።

ክረምት ሲገባ አዲስ ፓምፕ መጣና ሳጥኑን ላስተካክል ወደ ቦታው ሄድኩ። ውሃ የሚጠብቁ ሴቶች ተሰልፈዋል። አንዷ ለሌላዋ መንገድ ስትነግር «ፓምፑን ካቃጠለው ሰውዬ ቤት በታች» አለቻት። እንዲህ ነበር የሚጠሯቸው። የቤተ ክርስቲያኑንም ቁልፍ ሽማግሌዎቹ ተቀብለዋቸዋል። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም፤ «ይረፉ» ነው የተባሉት።

ቤታቸው ሄድኩ። ጓሮ ጎደሬ ያርሙ ነበር። መሬት ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሆቴሉን፣ ስልኩን፣ ወረቀቱን፣ በሩን የዘጋሁትን። በወላይትኛ ነው የነገርኳቸው። እያለቀስኩ ነበር፤ እሳቸው ማረማቸውን አላቆሙም።

ስጨርስ ቀና አሉ።

«አሁን ምን አዲስ ነገር ነገርሽኝ?» አሉ። «እኔ እንዳላደረግሁት እኔ አውቃለሁ።»

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት፣ አዋ።»

«ይቅርታውን ወስጃለሁ፤ እግዚአብሔር ያዘዘኝ ነው። ወሬውን ግን ለማያውቁት ውሰጂው።»

ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር። የዚያን ቀን ምንም አላቀረቡልኝም። ተገቢ ነበር።

የሳጥኑንና የሰርቨሩን መዝገብ አያይዤ ለኮሚቴው ሊቀ መንበር ሰጠሁት። አነበበውና፣ «ጉዳዩ በቃለ ጉባኤ ተዘግቷል። አዲሱ ኦፕሬተርም ሥልጠና ወስዷል» አለኝ። ስለዚህ በእሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ሄጄ ሽማግሌዎቹን ለመንኩ። ከስብከት በኋላ፣ በማስታወቂያ ሰዓት እንድናገር ፈቀዱልኝ። ወጥቼ ቆምኩ። ፓምፑን ያቃጠለው ትእዛዝ ከሶዶ እንደመጣ፣ እሳቸው የዚያን ሰዓት ለቅሶ ቤት እንደነበሩ፣ ይህንንም እኔ ከየካቲት ጀምሮ እንደማውቅ ተናገርኩ። አዋ ከኋላ ተቀምጠው መዝሙር መጽሐፋቸውን ያዩ ነበር።

አንዲት ሴት ከተቀመጠችበት ሆና ጠየቀችኝ። «ልጄ ከወንዙ ውሃ ሁለት ጊዜ ታሞ ተኛብኝ። እኚህን ሰው ስረግም ነው የከረምኩት። ለምንድን ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልሽው?»

ለመመለስ አፌን ከፈትኩ። «ፈራሁ» ነበር መልሱ፤ እሱንም ጮክ ብዬ ማለት አቃተኝ። ሰብሳቢው ወደሚቀጥለው ማስታወቂያ አለፈ።

ሽማግሌዎቹ በዚያው ሳምንት ቁልፉን ሊመልሱላቸው ቤታቸው ሄደው ነበር። አዋ በክብር ተቀብለው ካስቀመጧቸው በኋላ፣ «ሌላ ሰው ይዞታል፤ ደኅና እየያዘው ነው፤ ይያዘው» ብለው መለሷቸው። የፓምፑን ሥራ የሚመልስላቸው ግን የለም፤ የጠየቀም የለም።

አለቃዬ በቤተ ክርስቲያን የተናገርኩትን ሰምቷል። እጠራለሁ፣ እባረራለሁ ብዬ ጠበቅኩ። ጠራኝ። «ያ በደብዳቤ ያልሽው ነገር ይሠራ፤ ተፈቅዷል» አለኝ። ስለ ሌላው አንድ ቃል አልወጣውም።

ወራት ፈጅቶ ሠራሁት። አሁን እያንዳንዱ ሳጥን የራሱ ቁልፍ አለው። እያንዳንዱ ሰው የሚገባው በገዛ ስሙ ነው፤ ማየት ብቻ የተፈቀደለት ማስነሳት አይችልም። ሳጥኖቹ ከውጭ ለሚያንኳኳ አይከፍቱም፤ በተሸፈነው መስመር እነሱ ራሳቸው ወደ ሰርቨሩ ይደውላሉ። አንድ ሰው ስልክ ቢጠፋበት ከሶዶ ሆኜ መግቢያውን በደቂቃ እዘጋለሁ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ከሠራሁት ሁሉ የተሻለ ነው። ስሠራው አንድም ቀን ደስ አላለኝም።

በሚቀጥለው ዓመት አለቃዬ ይህንኑ ሥርዓት በአንድ ትልቅ ዐውደ ጥናት ላይ አቀረበው። እኔም ተጋብዤ ሄጄ ነበር። «አንድ ፓምፕ ካጣን በኋላ ከስህተታችን ተምረን» አለ። የማን ስህተት እንደሆነ አልተናገረም፤ የጠየቀውም አልነበረም። ተጨበጨበለት። ብዙም ሳይቆይ ከፍ ወዳለ ቦታ ተዛውሮ ከሶዶ ሄደ። ሲሸኝ ከሠራተኛው ጋር ቆሜ ፎቶ ተነሥቻለሁ። ለእኔም የምስክር ወረቀት ተሰጥቶኛል።

አዋን ከዚያ ወዲህ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ሶዶ መናኸሪያ፣ የቤሌ መኪና ውስጥ ተቀምጠው። ሴት ልጃቸው ቤሌ አግብታለች፤ እነሱም መሬታቸውን ለዘመድ ሰጥተው ወደ እሷ መሄዳቸው ነበር። ባለቤታቸው አጠገባቸው ሆነው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። በመስኮቱ በኩል ሰላም አልኳቸው።

«ደኅና ነሽ ልጄ? ቤተሰብ ደኅና ነው?» አሉኝ።

«ደኅና ነን፣ አዋ። ቤሌ ሊቆዩ ነው?»

«አገሩ ሰፊ ነው ይላሉ» አሉ።

ሌላ የምለው ፈለግሁ። ስለ አዲሱ አሠራር ልነግራቸው ቃጣኝና አፈርኩ። እሳቸውም የፓምፑን ነገር አላነሡም። መኪናው ሞልቶ ሲነሣ እጃቸውን ወደ መስኮቱ ሰደዱ። ሊሰናበቱኝ መስሎኝ እጄን አነሳሁ። ከአቧራው የተነሣ መስታወቱን እየዘጉ ነበር።